የስንጥር ድልድይና የካስኬ አሸዋ

ጂንካ ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ፣ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ቤቱ አጥንቱን ያሳያል። ቋሚው ላይ አግዳሚው፣ አግዳሚው ላይ ወራጁ ያርፋል፤ በመካከላቸው አናጺው በሰያፍ የመታቸው የባሕር ዛፍ እንጨቶች ይታያሉ። ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ማንም አያያቸውም። አናጺው ሰያፉን የጨመረው ለጌጥ አይደለም። አራት እንጨት በአራት ማዕዘን ተጋጥሞ በየማዕዘኑ አንድ አንድ ምስማር ቢመታበት፣ በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ይዛነፋል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ እንጨት ሲጨመርበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣውና ፍንክች አይልም። ሦስት ማዕዘን ከጎኖቹ አንዱ ካልረዘመ ወይም ካላጠረ ቅርጹን አይለውጥም። መሐንዲሶች ትረስ የሚሉት ድልድይም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ የጂንካው አናጺ ክፍል ላይ የዘረጋውን እነሱ ወንዝ ላይ ይዘረጉታል።

ይህን ጥበብ ተማሪዎች በየአገሩ በትንሹ ይሞክሩታል። የቀርከሃ ስንጥር፣ የአይስክሬም እንጨት፣ ስቴኪኒ ወይም ደረቅ ፓስታ በኮላ እያጣበቁ አንድ ክንድ ተኩል የምታህል ድልድይ ይሠራሉ። ድልድይዋ በሁለት ወንበሮች መካከል ትጋደማለች፤ ከወገቧ ባልዲ ይንጠለጠልና በጣሳ አሸዋ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቀጥሎ ከላይ ካሉት ስንጥሮች አንዱ በጥቂቱ ወደ ጎን ይቀለበሳል፤ ኮላው ጠጠር ያለ ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ጣሳ ሲደገም ባልዲው መሬት ላይ ነው። ከዚያ አሸዋው ይመዘናል፤ ሰሌዳው ላይ ፕራት ይህን ያህል፣ ሃው ይህን ያህል፣ ዋረን ይህን ያህል ኪሎ ቻለ ተብሎ ይጻፍና ትልቁን ቁጥር ያገኘው ቅርጽ አሸናፊ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህች የመጨረሻ መስመር ጋር ነው። ባልዲው የወደቀበት ኪሎ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ የተቀለበሰችው ስንጥር የምትነግረን ግን ብዙ። እንደ ደቡብ ኦሞ ወንዞቹ በአሸዋ ላይ ለሚሄዱበት አገር ደግሞ ሁለቱ ወንበሮችም ራሳቸው መፈተን አለባቸው።

ስሞቹ የመጡት ከባቡር ሐዲድ ዘመን ነው። ዊሊያም ሃው እ.ኤ.አ. በ1840 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያወጣበት ድልድይ ሰያፎቹ እንጨት፣ ቀጥ ብለው የቆሙት ደግሞ የብረት ዘንግ ነበሩ። ሰያፎቹ ወደ ድልድዩ መሐል ሽቅብ ስለሚያዘነብሉ ሸክሙ ያምቃቸዋል፤ እንጨት መታመቅን ይችላል። ቋሚዎቹ ግን ይሳባሉ፤ ለመሳብ ብረት ይሻላል፣ ሲላላም ዳዶውን ማጥበቅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1844፣ ቶማስና ኬለብ ፕራት የሚባሉ ልጅና አባት ሰያፎቹን ገለበጧቸው፤ ወደ መሐል ቁልቁል እንዲያዘነብሉ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ረጅሞቹ ሰያፎች የሚሳቡ፣ አጫጭሮቹ ቋሚዎች የሚታመቁ ሆኑ። በ1848 ጄምስ ዋረን እንግሊዝ ውስጥ ቋሚዎቹን ጨርሶ ትቶ ድልድዩን በእኩል ሦስት ማዕዘኖች ሰንሰለት ሠራው። እያንዳንዱ ቅርጽ በዘመኑና በአካባቢው ለነበረው ዕቃ የተሰጠ መልስ ነበር፤ እንጨት ርካሽ፣ ብረት ውድ በነበረበት ቦታ የሃው መልስ ትክክል ነው። ዛሬ ሦስቱንም ከአንድ ዓይነት ስንጥር ሠርቶ የትኛው ይበልጣል ማለት፣ መልሶቹን ከጥያቄያቸው ነጥሎ ማወዳደር ነው።

የታመቀ ነገርና የተሳበ ነገር የሚሞቱት በተለያየ ሞት ነው። ስንጥርን በሁለት እጅ ይዞ መጎተት ሰውን ያደክማል እንጂ ስንጥሩ በቀላሉ አይበጠስም። ያንኑ ስንጥር ከጫፍና ከጫፍ ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት ግን ሕፃን ይበቃዋል፤ ጎብጦ ወደ ጎን ይሸሻል። ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን መጉበጥ በቀመር አስቀምጦታል። ርዝመቱ በእጥፍ ያደገ ዘንግ ሳይጎብጥ የሚችለው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ውፍረቱስ? ጠፍጣፋ ስንጥር ላይ ሌላ አቻውን በኮላ ብንደርብበት፣ ለመሳብ ያለው አቅም ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በቀላሉ በሚጎብጥበት አቅጣጫ ግን ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። የስንጥር ድልድይ ውድድር አብዛኛው ምሥጢሩ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ።

እስቲ በቁጥር እንየው። በወንበሮቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር፣ የድልድዩ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ርዝመቱም በስድስት እኩል ክፍል ይከፈል። ከመሐል 20 ኪሎ ቢንጠለጠል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጎኖች አሥር አሥር ኪሎ ይካፈላሉ። በፕራት ድልድይ ከላይ በመሐል ያሉትን አግዳሚዎች የሚያምቃቸው 15 ኪሎ ነው፤ ርዝመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር። ጫፍ ላይ ያሉትን ሰያፎች የሚያምቃቸው ወደ 7 ኪሎ ነው፤ ርዝመታቸው ግን ከ14 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። መጉበጥ በኃይሉና በርዝመቱ ካሬ ስለሚወሰን፣ ኃይሉን በርዝመቱ ሁለት ጊዜ ብናባዛ ለአግዳሚው 1500፣ ለጫፍ ሰያፉ 1414 ያህል እናገኛለን። ትልቁን ቁጥር የያዘው አግዳሚ ቀድሞ ይጎብጣል። በሃው ድልድይ የላይኛውን አግዳሚ የሚያምቀው 10 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ 1000 ነው፤ የሚታመቁት ሰያፎች ግን ስድስቱም ያንኑ 1414 ይይዛሉ። ስለዚህ በስንጥር ብዛትም በክብደትም እኩል ከሆኑት ሁለት ድልድዮች ሃው በስድስት ከመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ብዙ መጻሕፍት ፕራት የተሻለ ነው ይላሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም፤ እነሱ የሚያወሩት የሚታመቀውንና የሚሳበውን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ውፍረት ስለሚሰጥ ሠሪ ነው።

የቅርጹ ልዩነት የሚወጣው ሠሪው ሲያስብ ነው። ፕራትን የሠራው ልጅ በእያንዳንዱ ጎን አራት ስንጥር ብቻ ይደርብ፦ ሁለቱን የመሐል የላይ አግዳሚዎችና ሁለቱን የጫፍ ሰያፎች። ቀጥሎ የሚጎብጠው ቁጥሩ 1000 የሆነው አግዳሚ ይሆናል፤ ድልድዩ ቀድሞ ከሚችለው በግማሽ የበለጠ ይሸከማል። ሃውን የሠራው ልጅ እዚያው ደረጃ ለመድረስ ስድስት ስንጥር መደረብ አለበት፤ ስድስቱም ረጃጅሞቹ ሰያፎች ናቸው። የፕራት ብልጫ ይህ ነው፤ ትንሽ ጭማሪ ትክክለኛ ቦታ ላይ እንድትውል ያደርጋል። ሆኖም ብልጫው እንዲገኝ መጀመሪያ የትኛዋ ስንጥር እንደምትጎብጥ ያየ ዓይን ያስፈልጋል። ሁሉንም ስንጥር እኩል አድርጎ የሚያጣብቅና ሁሉንም እኩል የሚደርብ ልጅ ምንም ስም ቢመርጥ ትርፉ ክብደት ነው። ከፍታውም ቢሆን ከስም በላይ ይሠራል፤ የዚያኑ ድልድይ ከፍታ ከ10 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው አግዳሚውን የሚያምቀው 15 ኪሎ 30 ይሆናል። ከፍ ካደረግነው ደግሞ ይቀንሳል፤ ግን ሰያፎቹ እየረዘሙ ለመጉበጥ ይቀርባሉ። በአንዱ ያተረፉትን በሌላው ይከፍላሉ።

እስከዚህ ያልኩት ሁሉ መጋጠሚያው ይጸናል ብሎ ነው። አብዛኛው የስንጥር ድልድይ ግን ስንጥሩ ሳይጎብጥ ኮላው ይለቃል። በትልቁም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1 ቀን 2007 ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለ የብረት ትረስ ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት ወርዶ 13 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው የደረሰበት፣ ብረቶቹን የሚያያይዙት የመጋጠሚያ ላሜራዎች ከንድፉ ጀምሮ ከሚያስፈልጋቸው ውፍረት በግማሽ ያህል ሳስተው እንደነበር ነው። ካናዳ ውስጥ በኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1907 በግንባታ ላይ የነበረው ድልድይ ሲወድቅና 75 ሠራተኞች ሲሞቱ ደግሞ ቀድሞ የሄደው የሚታመቀው የታችኛው ብረት ነበር፤ ከቀናት በፊት መጉበጡ ታይቶ በሚሊ ሜትር ሳይሆን በጣት የሚለካ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ያ መጉበጥ ላዩት ሰዎች ቋንቋ ሆኖ ቢነገራቸው ኖሮ ሰባ አምስት ሰው ይተርፍ ነበር። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የቀርከሃ ስንጥር ወደ ጎን ሲቀለበስ ባየ ጊዜ ባልዲውን ያዙት ብሎ መጮህ ከተማረ፣ ከየትኛውም የኪሎ ቁጥር የሚበልጥ ነገር ተማረ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ስንጥር፣ አንድ ዓይነት ኮላ፣ አንድ ዓይነት ባልዲ ካገኘ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው፤ ከፍትሐዊ ውድድር የሚወጣ ቁጥርም ማስረጃ ነው የሚል። ፍትሐዊነቱ እውነት ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ስለ ልጆቹ እጅ እንጂ ስለ ቅርጾቹ አይደለም። ቀርከሃ ከአንጓ ወደ አንጓ ይለያያል፤ ኮላ ጠዋት የተቀባውና ሊመሽ ሲል የተቀባው እኩል አይዝም። ከላይ ያገኘነው የስድስት ከመቶ ልዩነት በዚህ ሁሉ ውስጥ ይዋጣል። ቅርጽን ከቅርጽ በእውነት ማወዳደር የፈለገ ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት ድልድይ ይሥራና ከአንድ ቅርጽ አምስቱ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ መጀመሪያ ይይ። አምስት ፕራቶች እርስ በርስ በአሥር ኪሎ የሚለያዩ ከሆነ፣ ፕራትና ሃው በሁለት ኪሎ ተለያዩ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ስንጥር፣ ኮላና ትዕግሥት ይበቃል።

ሌላው ተቃውሞ ሞዴልን ከነጭራሹ የሚጠራጠር ነው፤ ወንበር ላይ የጸና ነገር ወንዝ ላይ ይጸናል ያለው ማነው ይላል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አስቀምጦታል፤ አንድ ነገር በሁሉም በኩል በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ የብረቱ ወይም የእንጨቱ ወገብ ግን አራት እጥፍ ብቻ ያድጋል። የስንጥር ድልድይ የራሷን ክብደት አታውቀውም፤ ትልቅ ድልድይ ግን ከሸክሙ ብዙው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ኪሎ አባዝቶ ወደ እውነተኛ ድልድይ መውሰድ አይቻልም። የሚሻገረው የአሠራሩ ሕግ ነው፤ የሚታመቀውን አሳጥር፣ አወፍር፤ መጋጠሚያውን አትናቅ፤ ጭማሪውን ቁጥሩ በሚጠይቀው ቦታ አድርግ። አገራችን ውስጥ ጎርፍ መንገድ በቆረጠ ቁጥር የሚተከለው ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ሲነድፈው፣ አንዱ የብረት ክፍል 3 ሜትር ያህል ርዝመትና 260 ኪሎ ያህል ክብደት እንዲኖረው፣ ስድስት ሰውም እንዲሸከመው አድርጎ ነው። ሸክሙ ሲከብድ ወይም ወንዙ ሲሰፋ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይደረባሉ፤ ካልበቃም አንዱ በአንዱ ላይ ይቆማል። ያ የስንጥር መደረብ ነው፣ በብረት።

አሁን ወደ ወንበሮቹ። ከአርባ ምንጭ በኮንሶ አድርጎ ወደ ጂንካ የሚመጣ መንገደኛ ወይጦን ይሻገራል፤ ወይጦ ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል። ጂንካን ታክኮ የሚያልፈው ኔሪ ደግሞ በማጎ ቆላ በኩል ወደ ኦሞ ይሄዳል። ከቀይ አፈር ወደ ዲመካና ቱርሚ ሲወረድ ግን ወንዝ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ይለወጣል። ቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ውኃ አይታይበትም፤ ሰፊ፣ ነጭ የአሸዋ ሜዳ ነው። የሐመር ሴቶች እዚያ አሸዋ ላይ ተንበርክከው በእጃቸው ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ክንድ ሲጠልቅ ከታች ይረጥባል፤ ቆየት ሲል ውኃ ያቁራል፤ በቅል እየተቀዳ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ይህች ጉድጓድ ለሴቶቹ ሕይወት ናት። ለድልድይ ሠሪ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ናት፤ በአንዲት ሴት መዳፍ የሚነሣ አሸዋ፣ ላይ አገር ዘንቦ ጎርፉ ሲደርስ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚነሣ መገመት ከባድ አይደለም። እንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሞተው ከላይ መኪና ስለከበደው ብቻ አይደለም። ውኃው የድልድዩን እግር ሲያገኝ ይዞርበታል፣ ይሽከረከርበታል፣ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እየጠረገ ይወስዳል፤ ብረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ሳይጎብጥ መሬቱ ከሥሩ ይሄዳል።

የዚህ አገር ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ታውቋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከዳርቻው ወጥቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ የትልቁን ወንዝ ፍሰት ቀይሮታል፤ ካስኬን የመሰሉት የቆላ ደረቅ ወንዞች ግን ከግድቡ በታች ናቸው፤ የሚመጡት በራሳቸው ሰዓት ነው።

የብረት ትረስ ሳይሰበር ሲሄድ ያየነው ደግሞ ዓባይ ላይ ነው። ከሞጣ በታች፣ ምሥራቅ ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን የሚያገናኘው በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ሰዎች በተቆረጠው ቦታ በገመድ ታስረው ከዚህኛው ዳር ወደዚያኛው ሲጎተቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 አየውና ለገጠር ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ትረስ ተደፈነ። የአካባቢው ሰው ብረቱን ተሸክሞ ገደሉን ወርዷል። ትረሱ ለሰውና ለአህያ ሸክም ከበቂ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው አካባቢ የተሠራው አዲሱ መሻገሪያ ትረስ አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ብረት የተንጠለጠለ፣ ውኃው ውስጥ ምንም እግር ያላስገባ ድልድይ ነው። ንድፍ ሠሪዎቹ ፕራት ይሻላል ወይስ ዋረን ብለው ቢከራከሩ ኖሮ መልሱን አያገኙትም ነበር፤ ወንዙ የጠየቃቸው ስለ ከፍታና ስለ እግር ነው።

ልጆች ላይ ይህን ሁሉ መጫን አይበዛም ወይ፣ ትምህርት ከቀላሉ ይጀመር፣ ባልዲና ስንጥር ይበቃል የሚል አስተማሪ ይኖራል። ከቀላሉ መጀመሩ ልክ ነው። ግን ወንበር ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሁሉ የበለጠ ሐሰት ያለበት የሞዴሉ ክፍል ነው፤ የማይሰጥም፣ የማይሸረሸር ዳርቻ ነውና። በሱ የተማረ ልጅ ድልድይ ማለት ከወንበር በላይ ያለው ነው ብሎ ያድጋል። መድኃኒቱም እጅ ላይ ያለ ነው። አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ከወንዝ የመጣ አሸዋ፣ ሁለት ድንጋይና አንድ ጀሪካን ውኃ። ድንጋዮቹ አሸዋው ላይ ይቀመጡና ድልድይዋ በላያቸው ትጋደም፤ ሸክሟም ከምትችለው በግማሽ ይሁን። ከዚያ ሳፋው ከአንድ ወገን ዘንበል ይበልና ውኃው ይፈስስ። በመጀመሪያው ሙከራ ድንጋዮቹ ላይ ላዩን ይቀመጡ፤ በሁለተኛው ሦስት ጣት ይቀበሩ፤ በሦስተኛው ድልድይዋ ትርዘምና ድንጋዮቹ ከውኃው መንገድ ይውጡ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ውኃው አሸዋውን ከድንጋዩ በየትኛው ጎን መጥረግ እንደጀመረ፣ ጉድጓዱ በስንት ጣት እንደጠለቀ፣ ድልድይዋ ስትወድቅ ከስንጥሮቿ ስንቱ ደህና እንደነበሩ ይሁን።